ሳቅን ከአፍ ወደ ወረቀት
የጆኤል ቻንድለር ሀሪስና የነቀምቴዋ መምህርት የአስቴር ጋኖ ሥራ



በመንገድ ሥራ ላይ የዋለ መሐንዲስ ሬንጅ አንዴ ከያዘ በቀላሉ እንደማይለቅ ያውቃል። በአሜሪካ የቀልድ ሥነ ጽሑፍ እጅግ ከታወቁት ተረቶች አንዱ የተሠራው ከዚሁ ከሬንጅ ነው። ቀበሮ ጥንቸልን ማጥመድ ቢያቅተው ሬንጅ ከተርፐንታይን ጋር ለውሶ ሰው የሚመስል አሻንጉሊት ይሠራል፤ በመንገድ ዳር ያስቀምጠውና ከቁጥቋጦ ሥር ይደበቃል። ጥንቸል እየዘለለ ይደርስና እንደ ጨዋ ሰው ቆሞ እጅ ይነሣል። መልስ የለም። ደግሞ ሰላም ይላል፤ አሁንም መልስ የለም። ሰላምታ የነፈገውን ባለጌ ሊቀጣ በጥፊ ሲለው አንድ እጁ ተጣብቆ ይቀራል። «ልቀቀኝ» ብሎ በሌላው ይደግመዋል፤ እርሱም ይያዛል። ቀጥሎ እግሮቹ፣ በመጨረሻም በግንባሩ ሲገጨው ግንባሩ ይጣበቃል። ቀበሮ ከተደበቀበት ወጥቶ በሳቅ ይንፈራፈራል። ነገር ግን ጥንቸል ሌላ ዘዴ አለው፤ «ስቀለኝ፣ ጥበሰኝ፣ ቆዳዬን ግፈፈኝ፤ ብቻ ከዚያ እሾህ ውስጥ አትጣለኝ» እያለ አጥብቆ ይለምናል። ቀበሮም የሚጎዳው ይህ ከሆነ ብሎ አሽቀንጥሮ እሾህ ውስጥ ይጥለዋል። ጥቂት ቆይቶ ጥንቸል ከኮረብታው ላይ ሆኖ ይጣራል፤ ተወልዶ ያደገው እሾህ ውስጥ ነውና።

ይህን ተረት ለኅትመት ያበቃው ጆኤል ቻንድለር ሀሪስ ይባላል። መጽሐፉ በ1880 በወጣ በ14 ዓመቱ ደግሞ በቀይ ባሕር አጠገብ፣ ከምጽዋ ወጣ ብላ በምትገኘው በእምኩሉ፣ በቅርጹ ትንሽ የሆነ የኦሮምኛ የንባብ መማሪያ ታተመ። በውስጡ ከፊደሉ ቀጥሎ ተረት፣ እንቆቅልሽ፣ ምሳሌያዊ አነጋገርና ዘፈን ነበረበት። አብዛኛውን ከአእምሮዋ አውጥታ የጻፈችው በባርነት ተሸጣ የነበረች ዕድሜዋ ከሃያ ብዙም ያልበለጠ ወጣት ናት። ይህች ወጣት ከጊዜ በኋላ በነቀምቴ ከተማ መምህርት የሆኑት አስቴር ጋኖ ናቸው። ሁለቱ ጸሐፊዎች አንዳቸው የሌላውን ስም እንደሰሙ የሚያሳይ ነገር የለም። ሆኖም ሁለቱም የያዙት ሥራ አንድ ነበር፤ ይኸውም ነፃነታቸውን የተነጠቁ ሰዎች እርስ በርሳቸው የሚሳሳቁበትን ተረት ከአፍ ወደ ወረቀት ማሻገር ነው። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመቶች፣ መዛግብቱ በአብዛኛው የአውሮፓ በመሆናቸው፣ በአውሮፓ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ሀሪስ በጆርጂያ ግዛት ኢተንተን በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። አባቱ እናቱን ጥሎ የሄደ በመሆኑ ያለ አባት አደገ። ጠጉረ ቀይ፣ ተንተባታቢና እጅግ ዓይን አፋር ልጅ ነበር። በ1862፣ የእርስ በርስ ጦርነቱ በተፋፋመበት ጊዜ፣ ተርንዎልድ በሚባል የእርሻ ርስት ላይ በሚታተም ጋዜጣ ፊደል ለቃሚ ሆኖ ተቀጠረ። የእርሻው ጌታ ጆሴፍ አዲሰን ተርነር የሥነ ጽሑፍ ፍቅር ያደረበት ሰው በመሆኑ ከጥጥ እርሻው መካከል ማተሚያ ቤት አቁሞ ነበር። ልጁ ቀን ፊደል ሲለቅም ይውልና ማታ ወደ ባሮቹ መንደር ይወርዳል፤ እሳት ዳር ተቀምጦም የሽማግሌዎቹን ተረት ያዳምጣል። ዓይን አፋርነቱ በዚያ ቦታ አላወከውም። መናገር አይጠበቅበትም ነበርና።

ከጦርነቱ በኋላ ከጋዜጣ ወደ ጋዜጣ ሲዘዋወር ቆይቶ በ1876 በአትላንታ ከተማ «ኮንስቲትዩሽን» በተባለው ጋዜጣ ሥራ ያዘ፤ በዚያም 24 ዓመት ቆየ። በ1879 የጥንቸልንና የቀበሮን የመጀመሪያ ተረት በጋዜጣው አወጣ። ተራኪው «አንክል ሬመስ» የሚባል፣ ከባርነት ነፃ የወጣ ጥቁር ሽማግሌ ነው፤ የሚያዳምጠው የቀድሞ ጌቶቹ ልጅ የሆነ ትንሽ ነጭ ልጅ ነው። «አንክል» አጎት ማለት ነው። ይህ አጠራር በአማርኛ ጆሮ የአክብሮት ይመስላል፤ በዚያ አገር ግን ሌላ ትርጉም ነበረው። ነጮች ለጥቁር አዛውንት «አቶ» የሚለውን መጠሪያ ላለመስጠት የሚጠቀሙበት ቃል ነበር። በተረቱ ውስጥ ያሉት እንስሳት ግን እርስ በርሳቸው በማዕረግ ነው የሚጠራሩት፤ ጥንቸሉ «ወንድም ጥንቸል»፣ ቀበሮው «ወንድም ቀበሮ» ነው። የእኛን አያ ጅቦንና እመት ጦጢትን የሚያውቅ ሰው ነገሩ አይገርመውም። አውሬዎች ከመበላላታቸው በፊት መከባበራቸው በየትኛውም አገር የሚያስቅ ነገር ነው።

ቀልዱ የቆመበት መሠረት ግልጽ ነው። ጥንቸል ጉልበት የለውም፤ ጥርሱም ጥፍሩም ለጠብ አይሆንም። ያለው ምላስና ብልሃት ብቻ ነው። ቀበሮና ተኩላ፣ አንዳንዴም ድብ፣ ጉልበቱም ሥልጣኑም የእነርሱ ሆኖ ሳለ በየተረቱ የሚዋረዱት እነርሱ ናቸው። ይህን ተረት ለልጃቸው የሚነግሩት ሰዎች ልጃቸው በማግስቱ ሊሸጥባቸው የሚችል ሰዎች ነበሩ። ሳቁ ሳቅ ብቻ አልነበረም ማለት ነው። ሀሪስ ራሱ ይህን በሚገባ ተረድቶት ነበር። በመጀመሪያው መጽሐፉ መግቢያ ላይ ጥቁሩ ሰው ከእንስሳት ሁሉ ደካማ የሆነውን ጥንቸልን ጀግናው አድርጎ የመረጠው ያለ ምክንያት አለመሆኑን ያስረዳል። የተረቶቹ ምንጭም ከአፍሪካ የተሻገረ ነው። የሬንጁ አሻንጉሊት ታሪክ ወንድም በምዕራብ አፍሪካ ይገኛል፤ በዚያ አገር የሚጣበቀው ሸረሪቱ አናንሲ ነው፤ የሚጣበቅበትም የእንጨት ሙጫ ነው።

ስለ ሀሪስ ዓይን አፋርነት ማርክ ትዌይን የጻፈው ወሬ ከተረቶቹ ያላነሰ ያስቃል። በ1882 ትዌይን፣ ሀሪስና ጆርጅ ኬብል የተባለ ሌላ ደራሲ በኒው ኦርሊንስ ከተማ ተገናኙ። የሰፈሩ ልጆች «አንክል ሬመስ» መጣ መባልን ሰምተው ተሰበሰቡ፤ ሲያዩት ግን አዘኑ። ሰውየው ነጭ ነው! ልጆቹን ለማጽናናት እንዲያነብላቸው ቢለመን በጄ አላለም። ድምፁን ከፍ አድርጎ ሰው ፊት ማንበብ በሕይወቱ አድርጎ አያውቅም። ሁለቱ ደራሲዎች ነገሩ ቀላል መሆኑን ሊያሳዩት የየራሳቸውን ጽሑፍ አነበቡ፤ ሀሪስ ግን አልተደፋፈረም። በመጨረሻ የጥንቸሉን ተረት ያነበቡት እነርሱው ሆኑ።

የልጆቹ ቅሬታ ግን የዋዛ አልነበረም። ነጭ መሆኑን አይተው ያዘኑት ሕፃናት ሳያውቁት ትልቁን ጥያቄ ጠይቀዋል። ይህ ሳቅ የማን ነው? ከ99 ዓመት በኋላ፣ በ1981፣ ጥያቄውን በአደባባይ ያነሣችው ደራሲዋ አሊስ ዎከር ናት። እርሷም እንደ ሀሪስ የተወለደችው በዚያችው በኢተንተን ነው። ዎከር ያለችው በአጭሩ እንዲህ ነው፤ ወላጆቿ እነዚህን ተረቶች ያውቁና ይነግሯቸው ነበር። ነገር ግን ሀሪስ ባርነቱን የወደደ የሚመስል ሽማግሌ ፈጥሮ ተረቱን በአፉ ስላኖረ፣ በ1946ም ከዚያው መጽሐፍ ፊልም ተሠርቶ ስለታየ፣ ጥቁሮቹ ልጆች በገዛ ተረታቸው እንዲያፍሩ ሆኑ። ሀሪስ ከውርሴ ትልቁን ክፍል ሰርቆኛል እስከ ማለትም ደርሳለች። ፍርዷ ከባድ ነው። ለሀሪስ ሊባልለት የሚችለው፣ ሌላ ሰው ባልጻፈበት ጊዜ በጥንቃቄ መጻፉና ከ180 የሚበልጡ ተረቶችን ከመረሳት ማዳኑ ነው። ባለርስቶቹ ራሳቸው እንዳይጽፉ ግን በደቡቡ ግዛቶች ሕግ ተከልክለው ነበር፤ ባሪያን ማንበብና መጻፍ ማስተማር በጆርጂያ ወንጀል ነበር።

እንግዲህ ባለርስቷ ራሷ ብዕር ብትይዝስ ኖሮ? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆነው ታሪክ በእኛው አገር ይገኛል።

አስቴር ጋኖ በ1872 ገደማ ከነፃ ቤተሰብ ተወለዱ። በልጅነታቸው በሊሙ ኢናርያ ንጉሥ እጅ በባርነት ወደቁ፤ ከዚያም ባሕር ተሻግረው በዐረብ አገር ሊሸጡ በጀልባ ተጫኑ። በ1886 ጀልባዋን የኢጣሊያ መርከቦች በባሕር ላይ ያዟት። ነፃ የወጡት ሰዎች ወደ ምጽዋ ሲወሰዱ የ14 ዓመት ያህሏ አስቴር በእምኩሉ ለሚገኘው የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተሰጡ። በዚያ ትምህርት ቤት መምህር የነበሩት ኦነሲሞስ ነሲብ ናቸው። ኦነሲሞስም የተወለዱት በኢሉባቦር ሁሩሙ አካባቢ ሆኖ፣ በሕፃንነታቸው ተሰርቀው ከእጅ ወደ እጅ ተሸጠዋል፤ በ1870 በምጽዋ ነፃ ወጡ፤ ስዊድን ሄደውም አምስት ዓመት ተማሩ። የልጅነት ስማቸው ሂካ ነበር፤ ትርጉሙም ተርጓሚ ማለት ነው። ስም ሥራን ይቀድማል ለሚሉ ሰዎች ጥሩ ማስረጃ ነው። በኋላ የወለጋ ሕዝብ አባ ገመቺስ ብሎ ጠርቷቸዋል፤ ይህም ከደስታ ቃል የወጣ ስም ነው።

ኦነሲሞስ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ለመተርጎም ሲነሡ ችግራቸው ቋንቋው ነበር። ከኦሮሞ አገር የወጡት ገና ሕፃን ሳሉ በመሆኑ የእናት ቤት ቋንቋ ብዙ አልቀረላቸውም። አስቴር ግን አድገው ነው የተወሰዱት፤ የምድጃ ዳር ጨዋታውን ሰምተው ጠግበዋል። የታሪክ ጸሐፊው ጉስታቭ አሬን እንዳስረዱት ኦነሲሞስ ይህችን ልጅ ልዩ የቋንቋ ስሜት እንዳላት ቶሎ ተገነዘቡ፤ የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት የማሰባሰቡንም ሥራ ሰጧት። መዝገበ ቃላቱ በ1893 የወጣውን የሐዲስ ኪዳን ትርጉም ለማረም አገለገለ። ከዚህ ሌላ አስቴር አንድ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮች መጽሐፍ ተርጉመዋል።

ለዚህ ንግግር ዋና የሆነው ግን ሌላው ሥራቸው ነው። አስቴር 500 የሚሆኑ የኦሮሞ ተረቶች፣ እንቆቅልሾች፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችና ዘፈኖች በጽሑፍ አኖሩ። ሀሪስ ማታ ማታ ወደ ባሮቹ መንደር ወርዶ የሰማውን ነው የጻፈው፤ አስቴር የሚወርዱበት መንደር አልነበራቸውም። መንደሩ የቀረው በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቀት ነው፤ የነበራቸው መዝገብ የገዛ አእምሯቸውና አብረዋቸው ነፃ የወጡ የአገራቸው ልጆች ብቻ ናቸው። ንብረት፣ ዘመድና አገር የተወሰደባት ልጅ ይዛ የመጣችው ሻንጣ ይህ ነበር። ለምርመራ የማይከፈት፣ ቀረጥ የማይጠየቅበት።

ከ500ዎቹ ብዙዎቹ በ1894 «ጀልቀባ በርሲሳ»፣ በአማርኛ የትምህርት መጀመሪያ፣ በተባለው የንባብ መማሪያ ውስጥ ገቡ። ይህ ምርጫ ሊታሰብበት ይገባል። በዚያ ዘመን በአገራችን ሕፃን ፊደል ከቆጠረ በኋላ የሚያነበው መልእክተ ዮሐንስንና መዝሙረ ዳዊትን ነበር፤ ያውም በግዕዝ። ዜማውን ይይዛል፤ ትርጉሙ ግን ከዓመታት በኋላ ይመጣል። የእምኩሉ መጽሐፍ ሌላ መንገድ ያዘ። አንባቢው ቃሉን ከመጨረሱ በፊት ነገሩን ያውቀዋል፤ አያቱ ነግራዋለችና። ፊደሉ የሚያስተምረው ያላወቀውን ነገር ሳይሆን፣ ያወቀው ነገር በወረቀት ላይ ምን እንደሚመስል ነው። የሚያስቀው ቦታ ከመስመሩ መጨረሻ ላይ እንዳለ ስለሚያውቅም እስከዚያ ለመድረስ ይጥራል። እንቆቅልሹም እንዲሁ ነው። በአማርኛ «እንቆቅልሽ» ሲባል «ምን አውቅልህ» እንደሚባል፣ በኦሮምኛም «ሂቦ» ተብሎ ይጀመራል። እንቆቅልሽ የአንድን ዕቃ ስሙን ሸሽጎ ጠባዩንና አሠራሩን ብቻ ይናገራል፤ አርእስት የሌለው የሥራ ንድፍ ማለት ነው። መልሱን ያጣ መሐንዲስ አገር ስጥ ቢባል የትኛውን ከተማ አስረክቦ እንደሚመለስ አይታወቅም።

መጽሐፉ የተጻፈው በግዕዝ ፊደል ነው። ሀሪስና ማርክ ትዌይን ሁለቱም በወጣትነታቸው ፊደል ለቃሚዎች ነበሩ፤ ከፊታቸው የነበረው ሣጥን ግን የ26 ፊደላት ነው፤ ትልልቁን ጨምሮ 52። በእምኩሉ ማተሚያ ቤት የቆመው ለቃሚ ከ200 በላይ ቅርጾችን ሊያውቅ ይገባዋል። ከዚህ የከፋው ደግሞ ፊደሉ ለኦሮምኛ በልኩ ያልተሰፋ ልብስ መሆኑ ነው። ኦሮምኛ አምስት አጫጭርና አምስት ረጃጅም አናባቢዎች አሉት፤ የግዕዝ ፊደል ሰባት ቤቶች ይህን ሁሉ ለይተው አያሳዩም፤ መጥበቅና መላላትም አይታይባቸውም። ለምሳሌ በጋ ማለት የሆነው ቃልና ኩራት ማለት የሆነው ቃል የሚለዩት በ«ቦ» ድምፅ ማጠርና መርዘም ብቻ ነው። በእንዲህ ያለ የድምፅ ልዩነት ላይ የተመሠረተ ቀልድ ወረቀት ላይ ሲወርድ አንባቢው ራሱ ማስረዘሙን ካላወቀበት ይከሽፋል። የአማርኛ አንባቢም «አለ» የሚለውን ቃል በየቀኑ በግምት ስለሚያነብ ችግሩን ያውቀዋል።

ሙሉው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 በስዊዘርላንድ ቅድስት ክሪሾና ታተመ። ሥራው በታሪክ የኦነሲሞስ ተብሎ ሲጠራ ቆይቷል፤ ለሥራቸውም ክብር ይገባቸዋል። የአስቴር ድርሻ ምን ያህል እንደነበር ግን ጎልቶ መነገር የጀመረው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ከዚህ ጋር አንድ የሚያስገርም ነገር ይነጻጸራል። በአማርኛ ተናጋሪው ዘንድ ባለቤቱ ያልታወቀ ቀልድ ሁሉ በአለቃ ገብረ ሐና ስም ይነገራል፤ አለቃ ያላሉትንም እንዳሉ ይቆጠርላቸዋል። አስቴር ደግሞ የጻፉትም ሳይቆጠርላቸው ኖሯል።

በ1904 ኦነሲሞስ፣ አስቴርና ሌሎች ጓደኞቻቸው ከኤርትራ ወደ ወለጋ ገቡ። በቦጂ ከእነርሱ የቀደሙ የሚሲዮኑ ሰዎች ሥራ ጀምረው ነበር። በነቀምቴ ደግሞ የአገሩ ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ በመጀመሪያ ስማቸው ኩምሳ ሞረዳ፣ በመልካም ተቀበሏቸው። በነቀምቴ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ አስቴርም መምህርት ሆኑ። በእምኩሉ የታተመው ተረት አድማጮቹን ያገኘው በዚህ ጊዜ ነው። በመጽሐፉ ላይ ያለውን ታሪክ መምህርቷ ራሷ የጻፈችው ሆኖ፣ ተማሪዎቹም በቤታቸው የሚያውቁት ሆኖ መገኘቱ በየትኛውም አገር ትምህርት ቤት ዘወትር የሚያጋጥም ነገር አይደለም። ኦነሲሞስ በስብከታቸው ምክንያት ተከሰው አዲስ አበባ እስከ መቅረብ ደርሰዋል፤ እንዳይሰብኩ ቢታዘዙም ማስተማሩን አልተዉም። በ1931 በዚያው በነቀምቴ ዐረፉ።

ከዚያ በኋላ የመጽሐፉ ዕድል በዐዋጅና በፊደል ተወሰነ። በ1944 የወጣው የሚሲዮኖች ዐዋጅ ቁጥር 3 የትምህርቱ ቋንቋ አማርኛ እንዲሆን ስለደነገገ በኦሮምኛ ማንበብ ከትምህርት ቤት ወጣ። በ1979 በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ኦሮምኛ እንደገና በግዕዝ ፊደል ተጻፈ። ከ1991 ወዲህ ደግሞ ቋንቋው የሚጻፈው ቁቤ በሚባለው በላቲን ፊደል ነው። ቁቤ የአናባቢውን ርዝመትም የተነባቢውን መጥበቅም ስለሚያሳይ፣ ከላይ የተነገረው በጋና ኩራት አይምታታበትም። በዚህ በኩል ለቀልድ የተሻለ መሣሪያ ነው። ነገር ግን ዛሬ በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በነጆ ወይም በደምቢ ዶሎ በቁቤ ማንበብ የተማረ ልጅ የ1894ቱን መጽሐፍ ቢሰጡት ቋንቋው የራሱ ሆኖ ሳለ ጽሑፉ እንግዳ ይሆንበታል። ተረቱን ወደ ቁቤ ማዛወር የፊደል በፊደል ግልበጣ እንዳይመስል። ለቃሚው ያላሳየውን ርዝመትና ጥብቀት በየቃሉ ለመመለስ ጥንቱን ተረት በጆሮው የሚያውቅ፣ ሁለቱንም ፊደል የሚያነብ ሰው ያስፈልጋል። እንዲህ ያሉ አዛውንት በወለጋ ከተሞች አሉ፤ ቁጥራቸው ግን በየዓመቱ እየቀነሰ ይሄዳል።

ሀሪስ በ1908 ሲሞት ስሙ በመላው እንግሊዝኛ ተናጋሪ ዓለም የታወቀ ነበር። አስቴር ጋኖ እስከ 1964 በሕይወት ቆይተዋል፤ ኦነሲሞስን በ33 ዓመት ተሻግረው ማለት ነው። ከ500ዎቹ ውስጥ በመማሪያው ያልገቡትን በተመለከተ ግን፣ አሬን በ1978 በታተመው መጽሐፋቸው እንደገለጹት፣ አስቴር ካሰባሰቡት ብዙው ሳይታተም በስዊድን በአንድ የቀድሞ ሚሲዮናዊ ቤተሰብ እጅ ተቀምጧል።